ከመንገዱ በፊት ያለፈው ቤት

ደብረ ታቦር ላይ ትርንጎን የማያውቅ ሰው ገብስ ገዝቶ አያውቅም ማለት ነው። ከጉና የሚወርደውን ገብስ ከባላገሩ ተቀብላ ገበያ ላይ የምትሸጥ፣ ምላሷ የማይታጠፍ፣ ባሏ ከሞተ በኋላ አንዲት ልጇን ፈንታነሽን ይዛ የቀረች ሴት ነበረች። ልጅቱን ድራ፣ ልጅቱም ፀንሳ፣ ደስታዋ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ አማቿ ሞላ አንድ ቀን አንገቱን ደፍቶ መጣ። የሚኖሩባት የቀበሌ ክፍል ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃ ታስገባለች። «ከክረምት በፊት የራሳችንን ጎጆ ካልቀለስን፣ ባሕር ዳር ወንድሜ ዘንድ መሄዳችን ነው» አላት።

ትርንጎ ሳቀችበት። ግቢዋ ሰፊ ነው፤ ለሁለት ይከፈልና ግማሹ ለልጇ ይሁን፣ ይህ ምን ያስጨንቃል? ዘመኑ ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ነው፤ መሬት የመንግሥት ሆኗልና ማዘጋጃ ቤት ሄዳ ማስፈቀድ ብቻ ነበር የቀራት።

የማዘጋጃ ቤቱ የቦታ ሠራተኛ ደምሴ የሚባል ወጣት ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የከተማውን ፕላን አሳያት። ከገበያው ተነሥቶ የሚመጣ ቀይ መስመር የትርንጎን ግቢ ከላይ በኩል፣ ልክ ቤቷ ካለበት ላይ፣ ይቆርጠዋል።

«እትዬ ትርንጎ፣ ይህ ወደፊት ሰፊ መንገድ ነው። የእርስዎ ቤት መስመሩ ላይ ተቀምጧል። ጓሮውን ለልጅዎ ብንሰጣት ደግሞ መውጫ የላትም። ግቢውን ለሁለት መክፈል አልችልም።»

«መንገዱ መቼ ነው የሚሠራው?»

«እሱ አይታወቅም። ሃያ ዓመትም ሊቆይ ይችላል።»

«ንሳ! መኪናው ገና አልተወለደም፤ የልጄ ልጅ ግን ለፋሲካ ይወለዳል። ለየትኛው ነው ቦታ የምትይዘው?»

ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። ደምሴ ግን አልሳቀም። «ዛሬ ዝም ብዬ ብከፍልልዎ፣ ያን ጊዜ ቤት የሚፈርስበት ያው የልጅ ልጅዎ ነው» አላት።

ትርንጎ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ወርውራ ወጣች።

በማግሥቱ ከገበያ ስትመለስ በአመተማርያም አጥር ሥር አለፈች። አመተማርያም ወዳጇ ነበረች፤ ዓምና ነው የሞተችው። ከገበያው ጀርባ ቦታው ለወንድም ለእኅት እየተባለ ሲከፋፈል፣ ሁሉም አጥሩን ሲገፋ ሲገፋ፣ በመጨረሻ የሴትየዋ አስከሬን የሚወጣበት ደጅ ጠፋ። ቃሬዛውን በአጥር ላይ ነበር ያሻገሩት። ትርንጎን ከሞቷ ይልቅ አወጣጧ ነበር ያስለቀሳት። አሁን እዚያው ቆማ ጓሮዋን አሰበች። ፈንታነሽን ሌሊት ምጥ ቢይዛት በየት ያወጧታል? ያ የማዘጋጃ ቤቱ ልጅ እውነቱን ነው። ሳትወድ አመነች።

ተመልሳ ማዘጋጃ ቤት ገባች።

«ቤቴ ከመስመሩ ወርዶ ጓሮው ላይ ቢቆም፣ የልጄም ከጎኑ ቢሆን፣ የሁለታችንም ደጅ ወደ መንገዱ ቢዞር፣ ትከፍልልኛለህ?»

ደምሴ ፕላኑን አየ፣ ለካ፣ ፊቱ በራ። «እከፍላለሁ። ግን ቤትዎን አፍርሰው፣ እንደገና ሠርተው፣ ከክረምት በፊት እንዴት ይሆናል?»

«አፍርሺው ያለኝ ማን ነው? ጎጆ እኮ ነው፤ ግንብ መሰለህ?»

ወሬው ጉና ድረስ ወጣ። ለዓመታት ገብሳቸውን ሳታጉላላ የተቀበለቻቸው ባላገሮች ለደቦ ወረዱ። ትርንጎ የአሮጌውን ቤት ዙሪያ በገመድ ለክታ ሰጠቻቸውና ጓሮው ላይ አዲስ ግድግዳ አቆሙ። ቀጥለው የጎጆዋን ክዳን ከግድግዳው ፈልቅቀው፣ ከሥሩ እንጨት አግድመው፣ «ሆ!» ብለው በትከሻቸው አነሡት። በቤቱና በጓሮው መካከል የድንጋይ ካብ ስላለ በቀጥታ መውረድ አይቻልም። ደምሴ ችካል በተከለበት፣ በዚያ ገና ባልተሠራው መንገድ ላይ ሄደው ከካቡ ጫፍ መታጠፍ ነበረባቸው። የሣር ክዳኑ እግር አውጥቶ እየተንገዳገደ መጣ።

ደምሴ መሐል ላይ አፉን ከፍቶ ቆሟል።

«ጓድ ደምሴ!» አለች ትርንጎ፣ ገበያ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «ከመንገዱ ላይ ዞር በልልኝ! ቤቴ ያልፍበታል!»

ሰፈሩ በሳቅና በእልልታ ተናጋ። ደምሴ እየሳቀ ዘሎ ወጣ፤ ወጥቶም አልቀረ፣ እጀታውን ሰብስቦ ትከሻውን ከክዳኑ ሥር አስገባ። አዲሱ ግድግዳ ዘንድ ሲደርሱ እልልታው ቀጥ አለ። ጠቦ ይሆን? ትርንጎ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ቆመች። ክዳኑ ከፍ አለ፣ ወደ ግራ ዘመመ፣ ሞላ «ወደ እኔ! ወደ እኔ!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ቁጭ አለ። ግጥም አለ! ትርንጎ እንደዚያን ቀን ዘፍና አታውቅም።

ደምሴም ቃሉን ጠብቆ ቦታውን ለሁለት ከፈለላቸው። የፈንታነሽ ጎጆ ከእናቷ ጎን ተቀለሰ፤ ወንድ ልጇም የተወለደው እዚያው ነው። የባሕር ዳርን ነገር ሞላ ዳግመኛ አላነሣም።

መንገዱ ግን ለዓመታት አልመጣም። «እትዬ ትርንጎ፣ ያ መኪናዎ የት ቀረ?» እያለ የሚቀልድባት ብዙ ነበር። እሷ ደጇ ላይ ተቀምጣ፣ የልጅ ልጇ በዚያ ሰፊ ባዶ ቦታ ላይ ሲሯሯጥ እያየች ትስቃለች።

«በፈለገው ጊዜ ይምጣ» ትላለች፤ «መንገዱን ለቅቄለታለሁ። ልጄ እንደሆነች አጠገቤ ናት።»