አድራሻዬን የሰጠሁት ቁስለኛ

መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ ገመድና ጆንያ እሸጣለሁ። እዚህ ያደገ ነጋዴ አንድ የማይለቀው ልማድ አለው፤ ከማንም ጋር ሁለት ቃል ከተለዋወጠ ሱቁን ሳይጠቁም አይለያይም። ለቅሶ ቤትም ይሁን የሆስፒታል ወረፋ ላይ፣ “ብቅ በል እንጂ” ማለታችን አይቀርም። ይህ ልማድ ጦር ሜዳ ድረስ ተከትሎኝ ሄዶ ለዓመታት የፍርሃት ኑሮ ዳረገኝ።

በዘመትኩበት ጦርነት አንድ ቀን ረፋድ ላይ ውጊያው ጋብ ሲል፣ ጠላት የለቀቀውን ምሽግ እንድንፈትሽ ታዘዝን። እኔ በገዛ ጥላዬ የምደነግጥ ወታደር ነበርኩ፤ ጓደኞቼ በዚህ ሲቀልዱብኝ ይውሉ ነበር። ከምሽጉ ጫፍ አንድ የጠላት ወታደር ጭኑን ተመትቶ ተጋድሟል። አንድ እጁ ከጀርባው ስር ነው። ቦምብ ይዟል ብዬ አፈሙዜን ግንባሩ ላይ ደቀንኩ። ጣቴን ምላጩ ላይ አደረግኩ። “ውሃ” አለኝ። እጁን ቀስ ብሎ ሲያወጣው ባዶ ነበር።

ምን እንደነካኝ እንጃ፤ ምናልባት እሱም እንደኔ ፈርቶ ስላየሁት ይሆናል። ኮዳዬን ሰጠሁት። ቀበቶዬን ፈትቼ፣ ጆንያ እንደማስር ጉልበቴን አስደግፌ ከቁስሉ በላይ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። ሲጮህብኝ ደነገጥኩና ላባብለው ስሞክር አፌን መያዝ አቃተኝ። “አይዞህ፣ ትድናለህ። ሰላም ሲሆን ደግሞ መርካቶ ብቅ በል፤ ጎጃም በረንዳ ገመድ ሻጮቹ ጋ፣ ሰማያዊ በር ያለው ሱቅ ብለህ ጠይቅ።” ልክ ለደንበኛ እንደምለው፣ ሳላስበው አልኩት። ቁስለኛ አንሺዎቹን ጠራሁ። ከሌላ ምርኮኛ ጋር መኪና ላይ ጭነውት ሄዱ።

ወደ ሱቄ ከተመለስኩ በኋላ ነው የሠራሁት ነገር የገባኝ። ጊዜው ሰው ሰውን የሚጠቁምበት ነበር። ከወዲያኛው ወገን ጋር ይገናኛል ተብሎ ከኛ የሱቅ መስመር የተወሰደ ነጋዴ ነበር፤ ሱቁ እስካሁን አልተከፈተም። ያ ቁስለኛ ቢመጣስ? ማን ነው ቢሉኝ ምን እላለሁ? የሚያነክስ ደንበኛ በገባ ቁጥር ከጆንያው ክምር ጀርባ እሸሸግ ነበር። በመጨረሻ በሩን አረንጓዴ ቀባሁት። ባለቤቴ ቀለሙን በጣም ወደደችው፤ ምክንያቱን ግን አልነገርኳትም።

ባለፈው ክረምት ጥቁር የለበሱ አንዲት እናት ሱቄ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ድሮ ሰማያዊ በር የነበረው የቱ ነው እያሉ መስመሩን ሁሉ አዳርሰው ነው የመጡት። አነጋገራቸው ከወዲያኛው ወገን መሆናቸውን ወዲያው አሳበቀ። የጎን ባለሱቅ ሥራውን ትቶ ማዳመጥ ጀመረ። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግም አላሰቡ፤ ወታደር ሳለሁ የአንድ ምርኮኛ ቁስል አስሬ እንደሆነ ጠየቁኝ። አይደለሁም ብል ጉዳዩ እዚያው ያልቃል። ልጆች አሉኝ።

እሳቸው መልሴን ሳይጠብቁ ታሪኩን ነገሩኝ። ቁስለኛው ልጃቸው ነበር። አብሮት የተጫነው ምርኮኛ ተፈትቶ ሲመለስ እንደነገራቸው፣ መንገዱን ሁሉ መርካቶ ሄጄ ያንን ሰማያዊ በር ያለውን ሱቅ አገኘዋለሁ ይል ነበር፤ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ። ለዓመታት ስሸሸው የኖርኩት ሰው ለካ ያን ዕለት ፀሐይ እስክትጠልቅ እንኳ አልቆየም። እንዲህ ያለ ሐዘን ከእንዲህ ያለ ፍርሃት ጋር አንድ ላይ ተሰምቶኝ አያውቅም።

“አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ ልጄ፣” አሉኝ። “ቁስሉን ያሰርከው አንተ ከሆንክ፣ ስታገኘው ፈርቶ ነበር?”

ዓይኑ ትዝ አለኝ። እንደዚያ የፈራ ሰው አይቼ አላውቅም። ጎረቤቴን አየሁት፤ እሱም አፍጥጦ እያየኝ ነው።

“አልፈራም፣ እናቴ። የፈራሁት እኔ ነበርኩ፤ ቁስሉን ያሰርኩትም እኔ ነኝ።”

እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት። ጎረቤቴ እያየ እኔም እጄን አልሳብኩም፤ እሳቸውም አልለቀቁትም።