የተጠቀለለው ሸራ

ኮማንደሩን ይቅር አላልኳቸውም። ዛሬም ስለ እሳቸው ስጽፍ አንቱታው ከብዕሬ አልለቅ ማለቱ ያናድደኛል።

ምፅዋ፣ ባሕር ኃይል ውስጥ፣ አለቃዬ ነበሩ። ባሕር ኃይሉ ፈርሶ፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ሁለታችንም በስደት አገር፣ ከዉድበሪ ከተማ በስተምሥራቅ፣ ወንዝ ዳር ባለ የጀልባ ማቆሚያ የሰው ጀልባ እናጥብ ነበር። ሥራ አስኪያጁ በረዶው ሲገባ ከሁለታችን አንዳችንን ብቻ እንደሚያስቀር ነግሮናል። ያን ሥራ አጥብቄ እፈልገው ነበር። በዕድሜዬ አሳምሬ የማውቀው ጀልባ ብቻ ነው፤ ያለዚያ የሚጠብቀኝ የሱቅ ወለል መወልወል ነበር።

አንድ የሐምሌ ከሰዓት ሰማዩ አረንጓዴ ሆነ። ሬዲዮው ብርቱ ነፋስ እየመጣ ነው አለ። ባለቤቷ በቦታው ያልነበረ አንዲት ትልቅ ባለ ሸራ ጀልባ ለነፋሱ እንድናዘጋጃት ለእኛ ተሰጠች። ገመዶቿን ደረብን። ገመዱ ከጠርዙ ጋር በሚፋተግበት ቦታ አሮጌ ጨርቅ ጠቀለልኩ፤ መስኮቶቿን ዘጋጋሁ። የቀረው የፊት ሸራዋ ነበር። ከምሰሶው ጫፍ ወደ ፊት በተወጠረው ሽቦ ላይ ተጠቅልሎ ቆሟል፤ ነፋስ ጫፉን ካገኘው ፈትቶ ይነፋዋል፣ ጀልባዋንም ይጎትታታል። ለማውረድ ሁለት ሰው፣ አሥር ደቂቃ ይበቃል።

«ኮማንደር፣ ሸራውን ብናወርደው?»

«ተወው፣ በደንብ ታስሯል። እኔን ልታስተምረኝ ነው?»

«ኧረ በፍጹም፣ ኮማንደር።»

እሳቸው መርከብ የላቸው፣ እኔ መጥረጊያ ይዣለሁ፤ ትእዛዝ ግን ትእዛዝ ነበር። ሥራ አስኪያጁን መጥራት እችል ነበር። በፈረንጅ ፊት አለቃዬን ማሳጣት መስሎኝ ተውኩት። ቂል ነበርኩ።

ነፋሱ ሸራውን ፈታው። ጀልባዋ ገመዷን በጥሳ ከወንዙ ዳር ድንጋይ ጋር ተላተመች፤ ጎኗ ተቀደደ።

ሥራ አስኪያጁ ሸራው ለምን እንዳልወረደ ጠየቀ። ሁልጊዜ ለሁለታችንም የሚመልሱት እሳቸው ነበሩ። አውርደው ብዬው ነበር፣ ረሳው፣ አሉት በእንግሊዝኛ። እንግሊዝኛዬ ለመናገር አይበቃም እንጂ ለመስማት ይበቃ ነበር። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ እሳቸው ግን ወንዙን ያያሉ። ከነገ ጀምሮ እንዳልመጣ ተነገረኝ።

በእኔ መኪና ወደምንኖርበት ሮዝቪል ስንመለስ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አይዞህ። ላንተ ብዬ ብዙ ኤክስፕሌይን አደረግሁለት፤ ሰውዬው አልሰማ አለ።»

«አመሰግናለሁ፣ ኮማንደር» አልኳቸው። ቤታቸው ስንደርስም ወርጄ በሩን ከፈትኩላቸው።