ከእትዬ የውብዳር ቤት ያልወጣው ጽዋ

እትዬ የውብዳር አርፈዋል። ለረጅም ጊዜ ባሠቃያቸው የኩላሊት ሕመም ምክንያት ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ተኝተው ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ተለዩን። በማግስቱ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለችው የትውልድ ቀበሌያቸው ፍትሐት ተደርጎላቸው ከአባታቸው መቃብር አጠገብ ተቀበሩ። ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው፤ ልብስ ለሰፉላችሁ፣ ለመንገድ ስትነሡ ለመከሯችሁ፣ ጽዋ አብራችኋቸው ለጠጣችሁ። በለቅሶው ላይ ስለ ደግነታቸው ብዙ ተነግሯል፤ ሁሉም እውነት ነው። እኔ ግን ደግነታቸውን ብቻ አውርቼ ብቀመጥ ሌላ በደል ይሆንብኛል።

በመምህርነት ተመድቤ ቡሬ ስመጣ የተከራየሁት የእርሳቸውን የጓሮ ክፍል ነበር። የስፌት መኪናቸው በረንዳው ላይ ነው የሚቀመጠው። ወደ አረብ አገር ለመሄድ የተነሡ የገጠር ልጃገረዶች ለመንገድ ቀሚስ ሊያሰፉ ይመጣሉ። እትዬ የውብዳር በሜትር እየለኩ የውሃውን፣ የጋዙን፣ የመድኃኒቱን ስም በዐረብኛ ያስጠኗቸዋል። ልጅቱ ከተሳሳተች ልኬቱን እንደገና ይጀምሩታል። ከዚያም የቤተሰቧን ስልክ ቁጥር በቀሚሱ ጠርዝ ውስጥ በክር ይጠልፉላታል። «ወረቀት ይጠፋል ልጀ፤ ይኸ ግን ከላይሽ አይወርድም» ይሏታል። ዋጋ ስትጠይቃቸው ቆጣ ይሉና «ደርሰሽ ደውይልኝ፤ ዋጋው እሱ ነው» ብለው ይሸኟታል።

ይህን ሁሉ ያወቁት ደርሶባቸው ነው። ኩዌት ሰባት ዓመት ሠርተዋል። ደላላው ፓስፖርታቸውን ያወጣው ዘይነብ በሚል ስም ነበር፤ ያኔ ብዙዎቹ እንዲያ ነበር የሚሄዱት። የሚያስታምሟቸውን አሮጊት ሐጃ እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ሐጃ ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ የነካ ድስት ወደ እትዬ የውብዳር እንዳይቀርብ ልጆቻቸውን ይቆጡ ነበር አሉ። አንድ ቀን የእትዬ የውብዳር ማተብ ቢበጠስ፣ ሐጃ በገዛ እጃቸው ጥቁር ክር ገምደው አንገታቸው ላይ አሰሩላቸው። ያቺን ክር እስከ ዕለተ ሞታቸው አልፈቱም።

አብረው የተነሡት ፎቶግራፍም ነበራቸው። ሁለቱም ጥቁር አባያ ለብሰው፣ ፀጉራቸውን እስከ አገጫቸው ሸፍነው፣ ሶፋ ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ። ማተቡ ከሻሹ ሥር ስለሆነ አይታይም። ከዳዊታቸው ውስጥ አውጥተው ያሳዩት ለእኔ ብቻ ነው። እኔም ደስ ስላለኝ በስልኬ አነሣሁት።

ያን ሰሞን ፌስቡክ ለቡሬ አዲስ ነበር፤ እኔም የቀለጥኩበት ጊዜ ነው። የእመቤታችን የጽዋ ማኅበር ተራ እርሳቸው ዘንድ በደረሰበት ወር፣ በዓሉ ሳምንት ሲቀረው፣ «የኔ ጀግና እናት» ብዬ ፎቶውን ለጠፍኩት። አላስፈቀድኳቸውም። ላይኩ ጎረፈ። ወዲያው አንዱ ከሥሩ «ሰልማለች እንዴ?» ብሎ ጻፈ። ሌላው ቀጠለበት። ማተቡ ከሻሹ ሥር መኖሩን አውቃለሁ፤ አንድ መስመር ብጽፍ ይበቃ ነበር። አልጻፍኩም። ሰው ሲበዛ፣ እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ስድቡ ሲጀመር ፈርቼ አጠፋሁት፤ ያኔ ግን ፎቶው ከስልክ ስልክ አልፎ የተወለዱበት ቀበሌ ድረስ ደርሷል።

የነፍስ አባታቸው ሁለት ጊዜ ለማኅበሩ ሴቶች ተናገሩ፤ ከሃይማኖቷ አልወጣችም አሏቸው። ሴቶቹ «ፎቶው አለ አይደል፣ አባ?» አሉ። ሰብሳቢዋ እትዬ ጥሩነሽ ደግሞ ማስታረቂያ ያሉትን ላኩ፤ «ማኅበሩ ፊት ቆማ ‹አረቦቹ በግድ ሃይማኖቴን አስለወጡኝ› ትበልና ይለፍ» የሚል። እትዬ የውብዳር መልክተኛዋን አብልተው ሸኟት፤ ኋላ ወደ እኔ ዞረው «ያልሆነውን ምን ብየ ላውራ ልጀ? ሐጃ እኮ ጾሜን ከኔ ይልቅ ትጠብቅልኝ ነበር። የሷን ስም አጥፍቸ የኔን ላድስ?» አሉኝ።

ሃያ አንድ ቀን ደረሰ። ቤቱን ጎዝጉዘው፣ ጠላውን ጠምቀው፣ ድፎውን ደፍተው፣ ባለፈው ወር የተረከቡትን ጽዋ መሶቡ አጠገብ አስቀምጠው ጠበቁ። ማንም አልመጣም። እናንተ አልመጣችሁም፤ እኔም አልመጣሁም። አንድ ግቢ ውስጥ እየኖርኩ፣ ወደ ማኅበሩም ያስገቡኝ እርሳቸው ሆነው ሳለ፣ ከእርሷ ጋር ናት እንዳልባል ትምህርት ቤት ፈተና አርማለሁ ብዬ ቀረሁ። አመሻሽ ላይ ስገባ በር ላይ ቆመው ነበር። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ስደፋ «ፎቶው ግን አምሮብኝ ነበር አይደል?» አሉኝ፤ ድፎም ቆርሰው ሰጡኝ።

ማኅበሩ ሌላ ጽዋ ገዛ። አሮጌውን መጥቶ የጠየቀ የለም። እርሳቸው ግን ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በየወሩ በሃያ አንድ አጥበው ጠላ ይሞሉበትና በደጅ የሚያልፈውን የኔ ቢጤ ሁሉ ጠርተው ያጠጡበት ነበር። ሲጨርሱ በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ከቦታው ይመልሱታል። ሆስፒታል ሆነውም ስለ ሌላ ነገር አላስቸገሩኝም። የመጨረሻው ዕለት ሳያቸው፣ «ጽዋውን እጠቢልኝ፤ ሲመጡ ቆሽሾ እንዳያገኙት» ነበር ያሉኝ።

አስከሬናቸውን ሊያጥቡ የማኅበሩ ሴቶች መጡ። እትዬ ጥሩነሽ ክሯን በጣታቸው ነክተው «ይኸን ከአረብ አገር ከተመለሰች ወዲህ ነው ያሰረችው?» አሉ። ያን ጊዜ ነው አፌን የከፈትኩት። ስለ ሐጃ፣ ስለ ፎቶው፣ ስለ ማተቡ፣ ስለ ዝምታዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። እትዬ ጥሩነሽ ሰምተው ሲጨርሱ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። «ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?» አሉኝ።

እትዬ የውብዳር፣ ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፍ የለኝም። በሕይወት ሳሉ በየቀኑ በበርዎ አልፌ አልተናገርኩትም። በመጪው ሃያ አንድ ማኅበርተኞቹ ሁሉ እርስዎ ቤት ሊሰበሰቡ ተስማምተዋል፤ ተራው ከእርስዎ አልወጣም ብለዋል። ጠላውን ጠምቄያለሁ። ከሁሉም ቀድሜ የምገባው እኔ ነኝ፤ እርስዎ ግን በር ላይ ቆመው አይቀበሉኝም። በሰላም ይረፉ እናቴ። ጽዋውን አጥቤዋለሁ።