ከውጭ የቆለፍኩት በር

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፤ አባቴ ጤፍ ሲዘራበት በኖረው መሬት ላይ በተሠራ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ተከራይቼ። ስለ መሬቱ ብጀምር ስድብ ብቻ ነው የሚወጣኝ፣ ስለዚህ ይቅር። የምጽፈው ስለ ሚስቴ ነው። እናት የሆነች ጊዜ ምን እንዳደረግኳት።

ስድስት ዓመት ልጅ አጥተን ያልተሳልንበት ደብር አልነበረም። ስታረግዝ ደስታዋ ያስፈራ ነበር። ገና ሦስት ወር ሳይሞላት የሕፃን ካልሲ ገዝታ ትራሷ ሥር ሸጉጣ፣ እያወጣች ታየው ነበር። ወለደች፣ ሴት ልጅ። አማቴ ከገጠር መጥተው ገንፎውንም አጥሚቱንም ሠሩላት፤ ጎረቤቱም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ገባ ወጣ። እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ልጅቷን ሲያስታቅፏት ታጠባለች። ሲወስዱባት «የት ወሰዳችኋት» አትልም።

አማቴ ሁለት ሳምንት እንደቆዩ ባላቸው ታመሙና ተጠሩ። ሲሄዱ በሩ ላይ እጄን ይዘው «አደራህን፣ አራስ ብቻዋን አትተውም» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። በማግስቱ ቃሊቲ፣ ወደምሠራበት ቆርቆሮ ፋብሪካ ለመሄድ ተነሣሁ። ፈቃዴ አልቋል፣ ምን ላድርግ?

«ዛሬን ብቻ አትሂድ» አለችኝ ሚስቴ። «ከሷ ጋር ብቻዬን አትተወኝ። እፈራታለሁ።»

«የአሥራ አምስት ቀን ልጅ! ምኗ ነው የሚያስፈራሽ?»

«እንጃ። የኔ አትመስለኝም።»

«እናቴ እኔን ማሳ ላይ ወልዳ በሳምንቷ አረም ገብታለች» አልኳት። «አንቺ አልጋ ላይ ሆነሽ ትሞላቀቂያለሽ።»

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ያስቆጠረችኝ ይቺው ሚስቴ ናት። ትላንት ያሳየችኝን ዛሬ ስረሳው እንደ አዲስ ታሳየኝ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ደደብ ብላኝ አታውቅም። እኔ ግን ሃያ ቀን አልታገሥኳትም።

በአራተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ አገኘኋት። በባዶ እግሯ፣ ነጠላ እንኳ ሳትደርብ። ላይ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ልጅቷ ትጮኻለች።

«ወዴት ነው?»

«እንጃ።»

ክንዷን ይዤ መለስኳት። መኪና ሲገጫት፣ ከፎቅ ስትወድቅ፣ ልጅቷ ብቻዋን ስትቀር፣ ሁሉም በዓይኔ መጣብኝ። ሰው እንዳላማክር «ሚስቱ አበደች» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ጠዋት ከፎቃችን ሥር ካለው ሱቅ ጓጉንቸር ገዛሁ። ባለሱቋ የስልጤ ሴት ናት፣ ከኔ ትበልጣለች።

«ሌባ ገባ እንዴ?» አለችኝ።

«አልገባም» ብያት ወጣሁ። ደረጃውን ተመልሼ ወጥቼ ሁለቱን ከውጭ ቆልፌባቸው ሥራ ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ያ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ጭኔን ሲቆረቁረኝ ዋለ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለስኩ። ባለሱቋ ደጃፌ ላይ፣ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብላለች፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ። የልጅቷ ለቅሶ ታች ድረስ ሲሰማት ሱቁን ለባሏ ትታ ወጥታ፣ ራሷ የሸጠችልኝን ጓጉንቸር በራችን ላይ አግኝታዋለች። ከቀትር ጀምሮ እዚያው ነበረች።

«መጣልሽ ዘበኛሽ!» አለች ወደ በሩ ዞራ። ከዚያ ወደኔ፦ «አንተ ሰውዬ፣ የዓመት በዓል በግ ነው የቆለፍክበት?»

«እትዬ፣ አራስ ብቻዋን አትተውም ብለውኝ…»

«አትተዋት አሉህ እንጂ ቆልፍባት አሉህ?»

ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁ።

«እኔም የመጀመሪያ ልጄን እንሰት ሥር አስተኝቼው ልጠፋ ነበር» አለች። ድምፅዋን ከፍ ያደረገችው ውስጥ ላለችው ነው። «አክስቴ ደረሰችብኝ። አሁን ጢም አብቅሎ ‹እማ፣ አርጅተሻል› ይለኛል። ምነው ያኔ ጥዬው በሄድኩ!»

ከበሩ ጀርባ ሳቅ ሰማሁ። አጭር፣ ሳል የመሰለ። የሚስቴን ሳቅ ከሰማሁ ስለቆየሁ መጀመሪያ ለቅሶ መስሎኝ ነበር።

ጓጉንቸሩን ከፈትኩ። በሩ አልገፋ አለኝ።

«ቀስ በል፣ ተደግፋዋለች» አለችኝ ባለሱቋ። «‹ጀርባሽን ለኔ ስጪኝ፣ ልጅቷን ደረትሽ ላይ አድርጊ› ብያት እንዲህ ሆነን ነው የዋልነው።»

ገባሁ። ሚስቴ ወለሉ ላይ ናት፣ ልጅቷ ጡቷ ላይ ተጣብቃለች። ቀና ብላ አላየችኝም።

«ቁልፉን ለሷ ስጣት» አለች።

ሰጠኋት። ይቅርታ አፌ ድረስ መጥቶ እዚያው ቀረ።

በማግስቱ ባለሱቋ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ነርሷ «ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሕመም ነው፣ ይታከማል» አለቻቸው። ሕመም! እኔ መጀመሪያ ቅብጠት፣ ከዚያ እብደት ነበር ያልኩት። ቶሎም አልተሻላት። የክርስትናው ዕለት ሰው እልል ሲል እሷ ጥግ ይዛ ታለቅስ ነበር። ልጅቷ አራት ወር ሲሞላት፣ አንድ ቅዳሜ ፊቴን ስታጠብ «ና እይ፣ ሳቀችልኝ!» ብላ ጠራችኝ። ስደርስ ልጅቷ ስቃ ጨርሳለች። የእናቷን ፊት ግን አየሁት። ያን ካልሲ እያወጣች ታይበት የነበረው ፊት ነው።

ቁልፉ ባለሱቋ ጋ ቀረ። እኔ እስከ ዛሬ የቤቴን ቁልፍ አልይዝም። ከሥራ ስመለስ የራሴን በር አንኳኩቼ እቆማለሁ። ሚስቴ አንዳንዴ ትዘገያለች። መስማቷን አውቃለሁ። እጠብቃለሁ።