ምላጩን ያስመለሱት አዋላጅ፤ ሲስተር ሙሉነሽ

ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የበኩር ልጄን የተገላገልኩት በሲስተር ሙሉነሽ እጅ ነው። እኚያ አዋላጃችን ባደረባቸው ሕመም በተወለዱባት በወገል ጤና ከተማ ማረፋቸውን በቅርቡ ሰማን። ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ጤና ጣቢያ ሲያገለግሉ የምታውቋቸው ሁሉ የየራሳችሁ ታሪክ አላችሁ። እኔም የእኔን ልጻፍ። ልጄ አሁን ነፍስ አውቋል፤ «ስሜን አትጥሪ እንጂ ጻፊው» ብሎ ፈቅዶልኛል።

ሲስተር ቁጣቸው ቀድሞ ሳቃቸው የሚከተል ሴት ነበሩ። ምጥ የጠናባት ሴት «ሞትኩ» ስትል «ቆይ፣ መጀመሪያ ውለጂ» ይሏታል። ባል በረንዳ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል ካዩ ጀሪካን ያስይዙታል። «መንቆራጠጥህ ካልቀረ ውኃ እየቀዳህ ተንቆራጠጥ።» ጎኗን የሚያሞቅ ልብስ ሳትይዝ ለመጣች አራስ የራሳቸውን ጋቢ አልብሰው ሲሸኙ በዓይኔ አይቻለሁ።

ልጄ ተወልዶ የአማቴ እልልታ ከደጅ ሲሰማ፣ ሲስተር ሕፃኑን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ባለቤቴን ሞላን ጠርተው በሩን ዘጉና አሳዩን። የሽንቱ ቀዳዳ ጫፉ ላይ መሆን ሲገባው ከሥር በኩል ነው። ሸለፈቱም ከላይ እንደ ቆብ ተሰብስቦ ከሥር ጎድሏል።

«በማህፀን ሲሠራ ሳያልቅ የቀረ ነው» አሉን። «የማንም ኃጢአት አይደለም፤ የበላሽው የጠጣሽውም አላመጣውም። ሐኪም ያስተካክለዋል። ብቻ አንድ ነገር ስሙኝ፤ እንዳይገረዝ። ሐኪሙ ቀዳዳውን ወደ ጫፍ ሲያመጣ ብዙ ጊዜ የሚጠግነው በዚያው ቆዳ ነው። ቆርጣችሁ ከጣላችሁት በምን ይጠግነዋል?»

በእኛ አገር ወንድ ልጅ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ይገረዛል። ይህን ማስቀረት ማለት ለአገር ሁሉ ምክንያት መስጠት ማለት ነው። ሞላ ደግሞ «ለእናቴ እንዳትነግሪ» አለኝ። «ዛሬ ብትሰማ ነገ ገበያ ይሰማዋል። ልጁ ዕድሜ ልኩን ስም ይወጣለታል።» አስማለኝ፤ ማልኩ። ሲስተርም «ምስጢሩ የእናንተ ነው፤ ያለ ፈቃዳችሁ ከአፌ አይወጣም። ሳትናገሩ እንዴት እንደምታስቀሩት ግን እኔንም ጨንቆኛል» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰሞን የታሰርኩበት ሰሞን እለዋለሁ። አራስ ነኝና ከቤት አልወጣም። የማልኩ ነኝና አፌን አልከፍትም። ከመጋረጃው ወዲያ ጋን ሲታጠን፣ ዱቄት ሲነፋ፣ የገራዡ የአያ ሲሳይ ስም ሲነሳ እሰማለሁ። ልጁ በሸና ቁጥር ሰው እንዳያይብኝ ጨርቁን በጋቢ ውስጥ እለውጣለሁ። ይዤው ልጥፋ ብዬም አስቤ ነበር። ግን አንዲት አራስ ሕፃን ታቅፋ የት ትደርሳለች? አማቴ እማማ ደብሬ እንደሆኑ ደጁን አይለቁም።

በስምንተኛው ቀን ሲስተር ማንም ሳይጠራቸው መጡ። በቀጥታ መጋረጃውን አልፈው አጠገቤ ተቀመጡና ልጁን ከእጄ ወስደው ታቀፉት። አያ ሲሳይም ምላጫቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ደረሱ።

«እንኳን ደኅና መጡ ሲስተር» አሉ እማማ ደብሬ። «ልጁን ይስጡንና ወዲህ ወጥተው ጠላ ይቅመሱ።»

«ጠላውን እዚሁ ያምጡልኝ። ልጁ ግን ዛሬ አይገረዝም። ወደፊት በሐኪም ነው።»

«ምክንያቱ?»

«እኔ የምናገረው አይደለም።»

«ሰማህ አያ ሲሳይ? ልጆቼን ሁሉ የገረዝክ ሰው፣ ዛሬ እጅህ ተናቀ።»

አያ ሲሳይ ሳቅ አሉ። «እኔስ ጠላው እስካለ እጠብቃለሁ።»

ተጠበቀ። እንግዳው እየበዛ ሄደ። ከጎረቤት አንዷ ድምጿን ሳትቀንስ «ወሸላ አድርጋ ልታሳድገው ይሆናላ» ስትል ሌሎቹ ሳቁ። እማማ ደብሬ ይህን ጊዜ መጋረጃውን ገልጠው እጃቸውን ዘረጉ። «የልጄን ልጅ መሣቂያ አላደርግም፤ አምጡት።» ሲስተር ልጁን ወደ ደረታቸው አስጠጉት እንጂ አልሰጡም። እኔን አዩኝ። ሞላ በር ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

«እኔ ይዤው እመሻለሁ» አሉኝ ቀስ ብለው፤ «ነገ ግን ሌላዋ አራስ ትጠብቀኛለች።»

እንዲህ ነበሩ። ሊያግዙኝ መጡ እንጂ ሊናገሩልኝ አልመጡም። እሳቸው ሲሄዱ ምላጩ እንደሚመለስ ገባኝ። «እማማ» አልኩ፣ «ይግቡና ይዩት።» ሞላ ቀና አለ፤ ግን አልከለከለኝም።

እማማ ደብሬ ገብተው ጨርቁን ፈቱ። አዩት። መልሰው ሸፈኑት። ከዚያ ወጥተው «ሕፃኑ ትኩሳት አለበት፤ ዛሬ አይሆንም። ብሉ፣ ጠጡ» አሉ። አያ ሲሳይ ጨርቃቸውን ሳይፈቱት ይዘውት ሄዱ።

ተፈታሁ ብላችሁ እንዳታስቡ። አሁን ታሳሪዎቹ ሦስት ሆንን። በክርስትናው ዕለት ልጁ ከውኃው ራቁቱን ሲወጣ እማማ ደብሬ ከክርስትና አባቱ ቀድመው በነጠላቸው ጠቀለሉት። ጎረቤት «እስቲ ልቀፈው» ባለ ቁጥር ሰበብ እፈጥራለሁ። ሲስተርን ደግሞ አማቴ ሰላም አይሏቸውም ነበር፤ «ከእኔ በፊት ባዳ አየው» ብለው ተቀይመዋል። ሲስተር ግን ለክትባት በሄድን ቁጥር «አያትየው ደኅና ናቸው?» ብለው ሳይጠይቁ አይሸኙኝም። ባሕር ዳር ካለው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ቀጠሮ ያስያዙልን እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያው ቀጠሮ ተላልፎብኝ ሳለቅስ «ቀኑ ተላለፈ እንጂ ቆዳው አልጠፋ፤ ታገሺ» አሉኝ።

ልጁ ድክ ድክ ማለት ከጀመረ በኋላ ባሕር ዳር ሄድን። ሐኪሙ ገልጠው አዩና «ሳይቆረጥ ስላመጣችሁት ሥራዬን አቀለላችሁልኝ» አሉ። ከቀዶ ሕክምናው ሲወጣ ቀጭን ቱቦ ተደርጎለት ነበር። እንዳይነቅለው እኔና ሞላ እየተፈራረቅን ትንንሽ እጆቹን ይዘን ከረምን። ሐኪሙ «ስፌቱ ላይ ቀዳዳ ሊከፈት ይችላል፤ ያኔ ደግመን እንሠራዋለን» ስላሉን ቱቦው ከወጣም በኋላ ልቤ አላረፈም።

ስንመለስ ሚኒባሱ ፍላቂት ላይ ቆመ። ልጁን አውርጄ አቆምኩት። ሽንቱ ወደ ፊት ሄደ። እዚያው መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ሳለቅስ የገብስ ቆሎ የምትሸጥ ሴት «ልጅ ሸና ተብሎ ይለቀሳል እንዴ እቴ?» አለችኝ። ለሲስተር ደወልኩ።

«ከሥር ያንጠባጥባል?»

«ኧረ የለም።»

«በይ እንግዲህ፣ ሽንት ቤት ማስለመዱ ያንቺ ነው። እሱን እኔ አልችልበትም።»

ሲስተር ሙሉነሽ፣ መርዶዎ ዘግይቶ ደርሶን ከቀብርዎ ላይ አልተገኘሁም። አፈሩ ይቅለልዎት። የስንቱን ቤት ጭንቅ በሆድዎ ይዘው እንደሄዱ እርስዎና ፈጣሪ ታውቃላችሁ። አንድ ነገር ልንገርዎትና ልሰናበትዎት። መርዶዎን በሰማን ሰሞን የሞላ ታናሽ ወንድም ሚስት ወንድ ልጅ ወለደች። በስምንተኛው ቀን አያ ሲሳይ መጥተው ተቀመጡ። እማማ ደብሬ «ቆይ» አሏቸው። ሕፃኑን ከእናቱ ተቀብለው ደጅ ወጡና ጨርቁን ፈተው አገላብጠው አዩት። ደኅና ነበር። ይዘውት ገቡና ለአያ ሲሳይ ሰጡት።