ጢም ያለው ይግባ

ፀጉር አስተካካዩ አርባ ዓመት ካለፈው ቆይቷል፤ ፊቱ ግን ይህን አልሰማም። አገጩ ላይ አንዲት ፀጉር በቅላ አታውቅም። ጉንጩ ሙሉ፣ ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ቀጭን ነው። የሰፈሩ ሰው «ጩጬ» ይለዋል፤ ወንበሩ ላይ ተንጋለው አንገታቸውን ለምላጩ የሚሰጡት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ። ልጁ በአንጻሩ ገና በአሥራ ስድስት ዓመቱ እስከ ጆሮ ግንዱ ጢማም ሆኗል። አባትየው «የኔንም ድርሻ ጠቅልለህ ወሰድከው» እያለ ይቀልድበታል።

በዚያ ሰሞን የመጠጥ ዕድሜ ከአሥራ ስምንት ወደ ሃያ አንድ ከፍ ይበል አይበል የሚል ክርክር ተነሥቶ፣ ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው «ችግሩን ከምንጩ ለመረዳት» በሚል መጠጥ ቤት ውስጥ ይሰበሰባል። ውሳኔው እስኪደርስም ለበር ጠባቂዎች ጊዜያዊ መመሪያ አወረደ፦ መታወቂያ በሐሰት ሊሠራ ስለሚችል፣ ዕድሜ በመልክ ይለይ። አርቃቂዎቹ ዕድሜ ልካቸውን ልጅ አይተው የማያውቁ ይመስላሉ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጁ ኮሚቴው በሚሰበሰብበት መጠጥ ቤት ሰክሮ፣ ሰዎች ከቦይ አንሥተው በጋሪ አምጥተውት ነበር። ትውከቱ ጉሮሮውን ዘግቶት ሊሞት ሲል እናቱ ጣቷን ሰድዳ አተረፈችው። በዚህኛው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጁ እዚያው መጠጥ ቤት መግባቱን አባትየው ሲሰማ፣ የደንበኛውን ግማሽ ፊት በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ትቶ፣ ሽርጡን እንደታጠቀ ሮጠ። መንገድ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለው። ጠዋት «ለትምህርት ቤት ፎቶ ነው» ቢለው፣ የልጁን ጢም አስምሮ የትልቅ ሰው ግርማ የሰጠው ራሱ ነበር።

ዘበኛው በሩን በክንዱ ዘጋው።

«ወዴት ነው፣ ማሙሽ?»

«ልጄን ላወጣ ነው፣ ወንድሜ።»

«ጋሼ በል! ስድ!» ዘበኛው ገና ሠላሳ አልሞላውም። «ልጄን ነው ያልከው? አንተን ራስህን ማን አመጣህ?»

መታወቂያውን አወጣለት። ዘበኛው አገላብጦ አየው። «የሠራልህ ሰው እጁ ይባረክ።»

«ያውና በመስኮቱ ይታያል! ያ ጢማሙ!»

«እሳቸው? እሳቸው እኮ የኮሚቴ አባል ናቸው።»

እውነቱን ነበር። ልጁ ሲገባ ሰብሳቢው ጢሙን ተመልክቶ «አርፍደዋል፣ ይቀመጡ» ብሎት፣ ቢራም አስቀርቦለት ነበር። አባትየው መስታወቱ ላይ አፍንጫውን ደፍጥጦ ሲያይ፣ ሰብሳቢው «ሃያ አንድ ይሁን የምትሉ?» አለ። ልጁ ብርጭቆ የያዘውን እጁን ከፍ አደረገ። ውሳኔው በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ፤ ተጨበጨበ፤ ለወጣቱ ትውልድ ደኅንነት አንድ ዙር ታዘዘ።

«አንተ! ና ውጣ!» አባትየው መስኮቱን ደበደበው።

ልጁ ለመነሣት ሲሞክር ተንገዳገደ። ሰብሳቢው በአንድ እጁ ልጁን፣ በሌላው ብርጭቆውን ይዞ በሩ ድረስ ሸኘው።

«ታናሽ ወንድምዎ ነው? ሕፃን መጠጥ ቤት ደጃፍ ማስጠበቅ ነውር ነው፣ ጌታዬ።»

«አባዬ፣ ዞረብኝ» አለ ልጁ።

ዘበኛው በሳቅ ፈነዳ።

ጩጬ ልጁን ከሰብሳቢው እጅ ተቀበለ። ልጁን ደረጃው ላይ አስቀምጦ ጭንቅላቱን ብብቱ ሥር ያዘ፤ ከሽርጡ ኪስ ምላጩን አወጣ። ብርጭቆውን ከሰብሳቢው እጅ ነጥቆ በቢራው አረፋ የልጁን አገጭ አራሰና ይላጨው ጀመር። ጢሙ ደረጃው ላይ ሲረግፍ ከሥሩ ብጉር፣ ለስላሳ ጉንጭና እንደ አባቱ ያለ የሕፃን አገጭ ብቅ አለ።

ሳቁ ቆመ።

«ስንት… ስንት ዓመቱ ነው?» አለ ሰብሳቢው።

«አሥራ ስድስት። እናንተው አጠጥታችሁ፣ እናንተው ድምፅ አሰጥታችሁታል።»

ሰብሳቢው ለረጅም ጊዜ አሰበ። ያሰበው ስለ ልጁ አልነበረም። በመጨረሻ «ድምፁ የተሰጠው ከነጢሙ ስለሆነ ይጸናል» አለ። ውስጥ ያሉትም አጸደቁ። ከዚያ ብርጭቆው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ጢም አይቶ፣ ሌላ ቢራ አዘዘ።

አባትየው ልጁን አዘለው። የልጁ እግር መሬት ለመሬት ይጎተት ነበር።

«ሁለታችሁም አድጋችሁ ተመለሱ!» አለ ዘበኛው ከኋላቸው።

«አባዬ… ፎቶው…»

«ፎቶው ገደል ይግባ። እንዳትተኛብኝ። ተንፍስ።»

አንገቱ ላይ ትኩስ ትንፋሽ ወረደ። ጥቂት ተራመደና ቆሞ ጠበቀ፤ ደግሞ ወረደ። እንዲህ እየቆመ፣ እያዳመጠ ቤቱ ደረሰ።