ለማሽኑ የተቀዳው ውሃ

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ፣ ከባሮ ብዙም ሳይርቅ፣ መኪና እጥበት አለኝ። ላቫጆ ሲባል ሰው ቱቦ ይዞ ውሃ መርጨት ብቻ ይመስለዋል፤ ስጀምር እኔም ከዚያ የተሻለ አላውቅም ነበር። አባቴ ከደጋ ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነበር። እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ተምሬ፣ የመንግሥት ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ሆንኩ። የቢሮዬ መስኮት ወደ ዋናው መንገድ ስለነበር ክረምት በገባ ቁጥር ከኢታንግ በኩል የሚመለሱ መኪኖች እስከ ጣሪያቸው ጭቃ ለብሰው ሲያልፉ አያለሁ። የሚታጠቡት ወንዝ ዳር፣ በባልዲና በጨርቅ ነው። አንድ ቀን ይህን ለጎረቤቴ አነሳሁበት። ጎረቤቴ ኑዌር ነው፤ ለብዙ ዓመት ወደ ስደተኛ ጣቢያዎች የሚመላለስ መኪና ሲነዳ ኖሮ ኮንትራቱ አልቆ ቤት ተቀምጦ ነበር።

«እህቴ፣ እኔ ጭቃውን አውቀዋለሁ፤» አለኝ። «በባልዲ አይለቅም። ማሽን ይፈልጋል።»

ማሽኑን አብረን ገዛን። እስከ ዛሬም አብረን ነው የምንሠራው።

ማሽኑ በቤንዚን የሚሠራ፣ አንድ ሰው እየገፋ የሚያንቀሳቅሰው ነው። ውሃ በአንድ በኩል በቱቦ ይገባል፣ በሌላ በኩል ሽጉጥ በምንለው መርጫ አፍ በኃይል ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ቱቦውን በቀጥታ ከከተማው ቧንቧ ጋር አገናኘነው። ቧንቧው ጠዋት ጠዋት ደህና ይመጣል፤ ሰፈሩ ተነስቶ ሁሉም ጀሪካኑን ሲደቅን ግን እየቀጠነ ይሄዳል። ማሽኑ ደግሞ ውሃው ቀጠነ ብሎ አይጠብቅም። የሚፈልገውን ያህል ካላገኘ አየር ይስባል። ከሽጉጡ የሚወጣው ውሃ ይቆራረጥ ጀመር፤ ከማሽኑ ሆድ ውስጥ ጠጠር የገባበት ጣሳ ሲናጥ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ። እኛ ሞተሩ የታመመ መስሎን ዘይት ስንቀይር፣ ካንዴላ ስንቀይር ከረምን። በመጨረሻ መካኒክ ከፈተውና ፓምፑ ውስጥ ያሉትን፣ ውሃ እንዳያፈስ የሚይዙትን ጎሚኒዎች አውጥቶ አሳየን። ሁሉም ተቃጥለዋል። ሞተሩ ጤነኛ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከማጠቡ ይልቅ የውሃው ነገር ዋና ሥራችን ሆነ። ሮቶ ገዝተን ከማሽኑ ከፍ ያለ የብረት ቆጥ ላይ አስቀመጥነው። ቧንቧው ሮቶውን ይሞላል፣ ማሽኑ ከሮቶው ይጠጣል፤ ቧንቧው ቢቀጥንም ማሽኑ አይነካም። ከሮቶው ወደ ማሽኑ የሚወርደውን ቱቦ ወፍራምና አጭር አደረግነው። ሞተሩን ከማስነሳታችን በፊት ሽጉጡን ከፍተን፣ ውሃው በራሱ ክብደት ወርዶ አየሩን ጠርጎ እስኪያስወጣ እንጠብቃለን። ቧንቧ በሚጠፋበት ሰሞን ከባሮ እንቀዳለን፤ ክረምት ላይ ግን ባሮ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል፣ መልኩን ያመጣው ደግሞ አሸዋና ደለል ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ሮቶ ጨመርን። አንዱ ውስጥ ውሃው ይረጋል፣ የጠራው ብቻ ወደ ሌላው ይተላለፋል። በጋም የራሱ ጣጣ አለው። ጥቁር ሮቶ ፀሐይ ላይ ሲውል ውሃው እጅ ይለበልባል፣ የጋለ ውሃም ጎሚኒ ይጨርሳል። ባልደረባዬ ሮቶዎቹን በሣር ጎጆ ከለላቸው። «የእኔ ቤት እንኳ እንዲህ አይቀዘቅዝም፤» እያለ ይስቃል።

በአንዱ ነሐሴ ባሮ ሞልቶ ወጣ። ከከተማ ራቅ ብሎ ወንዙ ዳር አንድ ትንሽ ጤና ጣቢያ አለ፤ አምቡላንሱ እኛ ዘንድ ይታጠብ ስለነበር አዋላጇን ነርስ እናውቃታለን። ሁሉም ሲስተር ነው የሚላት። ጎርፉ ከወረደ በኋላ በሰው ሞተር ሳይክል ላይ ተፈናጥጣ መጣች። ልብሷ እስከ ወገቧ ጭቃ ነበር።

«ውሃው ሄደ፣ ጭቃው ግን ቀረ፤» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ። «ማዋለጃ ክፍሌ እስከ ጉልበት ደለል ነው። እናቶቹን ትምህርት ቤት ውስጥ ዴስክ ገጥሜ ነው የማዋልደው። ትምህርት ሲከፈት ደግሞ ከዚያም ያስወጡኛል። ማሽናችሁን ይዛችሁ ኑልኝ።»

«ውሃ አለ?» አልኳት።

ሳቀች። «አሁን እኛ ጋ ከውሃ በቀር ምን አለ?»

«አሸዋ የሌለው ውሃ ማለቴ ነው።»

መሳቋን ተወች። የጤና ጣቢያው የእጅ ፓምፕ ጎርፉ ስለገባበት ተዘግቶ ነበር። የቀረው ባሮ ነው። ለማጠብ የሚጠጣ ዓይነት ውሃ እንደማያስፈልገን፣ በርሜሎች ፈልጋ ወንዙን ቀድቶ ማርጋት እንደሚበቃ ነገርኳት። «በርሜል አለኝ። የሚቀዱትንም እኔ እለምናለሁ፤» ብላ ሄደች።

ባልደረባዬና እኔ ትልቁን ሮቶ ፒካፓችን ላይ አሰርን፤ የመኪናው ከፍታ ለቆጥ ይሆነናል። ማሽኑን ከሮቶው ጎን ጭነን ከሰዓት በኋላ ደረስን። የመንደሩ ሴቶች ጀሪካን በራሳቸው ተሸክመው ከወንዙ ዳገቷን ሲወጡ አገኘናቸው። እስኪመሽ ድረስ በርሜሎቹን ሞሉ። ጠዋት ደለሉ ከታች ረግቶ ላዩ ጠርቶ አደረ፤ ያንን በቀስታ እየጨለፍን ሮቶው ውስጥ ገለበጥነው።

ማሽኑን አስነሳሁና ከበሩ ጀመርኩ። ጭቃው ተሰነጠቀ፣ ተገለበጠ፣ እየተንደረደረ ወጣ። ሰዎቹ አጨበጨቡ። እኔም ደስ አለኝ። ግን ክፍሉ ውስጥ ጥቂት እርምጃ እንኳ ሳልገባ ባልደረባዬ ሮቶውን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ አጋመስን ብሎ ጮኸ። ሴቶቹ ባዶዎቹን በርሜሎች አዩ፣ ከዚያ ማሽኑን አዩ። ከመካከላቸው ረጅም፣ ጠጉሯ የሸበተ አንዲት እናት ጀሪካኗን መሬት አስቀምጣ በኑዌርኛ አንድ ነገር ተናገረች። ሌሎቹም ጀሪካናቸውን አስቀመጡ።

«ምን አሉ?» አልኩት ባልደረባዬን።

«እህቴ፣ ደስ የሚል ነገር አይደለም።»

«ይሁን፣ ንገረኝ።»

«ከብቶቼ እንኳ ሲጠጡ ቀና ብለው ይተነፍሳሉ፣ ይሄ ግን ቀና አይልም፤ ትላለች።»

ማሽኑን አጠፋሁት። እውነቷን ነው። እኔ የለመድኩት መኪና ነው፤ መኪና ላይ ያለ ጭቃ ቢወፍር የጣት ያህል ነው። እዚህ ያለው ክፍል ሙሉ አፈር ነው፣ ያንን ሁሉ በውሃ ልገፋ ብል ባሮ ራሱ አይበቃኝም። ከሲስተርና ከሴትዮዋ ጋር በሩ ላይ ቆመን፣ ባልደረባዬ በሁለቱ ቋንቋ እያመላለሰ፣ ተነጋገርን። ወፍራሙን ጭቃ በአካፋ ለማውጣት፣ ማሽኑን ወለሉ ላይ ተጣብቆ ለሚቀረው ብቻ ለማቆየት ተስማማን። እኔም የሽጉጡን አፍ በጠባቡ ቀየርኩ፤ ጠባቡ ቶሎ አያዳርስም እንጂ ውሃ ይቆጥባል።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሌላ ሆነ። ወንዶቹ አካፋ ይዘው ገቡ፤ ሴቶቹ ጭቃውን በአሮጌ ቆርቆሮ ላይ እየጫኑ እየጎተቱ አወጡት። ያችው እናት ከፊት ትጎትታለች፣ ትዘፍናለች፣ የቀሩት ይቀበላሉ። እግረ መንገዳቸውን በርሜሎቹን መልሰው ሞሉ። ወደ ቀትር ሲጠጋ ክፍሉ መሐል ላይ ሲሚንቶው ታየ። ሲስተር ጫማዋን አውልቃ ባዶ እግሯን አሳረፈችበት። ሮቶው እንደገና እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። ምሳ ቀማምሰን ልንጨርሰው ተዘጋጀን።

ያኔ ነው ምጥ የያዛት ወጣት ሴት በቃሬዛ የመጣችው። ሲስተር ወደ ትምህርት ቤቱ ይዛት ገባች። ብዙም ሳይቆይ የሕፃን ለቅሶ ሰማን፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ቀጥላ ሲስተር በሩ ላይ ብቅ አለች። ጓንቷ ክንዷ ድረስ ደም ነበር።

«የእንግዴ ልጁ አልወጣም። ደሙ አይቆምልኝም፤» አለች። «ሆስፒታል መድረስ አለባት።»

አምቡላንሱ ጋራዥ ከገባ ሰንብቷል። ሲስተር ስልኳን ወደ ላይ ይዛ ግቢውን ዞረች፤ ኔትወርክ የለም። ከዚያ ሁላችንም ፒካፑን አየን። ላዩ ላይ የሞላው ሮቶ አለ። በዚያ ጭቃ መንገድ ያን ክብደት ይዞ መሄድ አይታሰብም፤ ለእሷም ቦታ የለም። ወደ በርሜሎቹ እንመልሰው ብንል ውሃው በቱቦ እስኪወርድ ወላዷ ታልቃለች። ባልደረባዬ ማሰሪያውን እየፈታ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ደግሞ ወደ ሴቶቹ ዞርኩ። ከትናንት ጀምረው በራሳቸው ያመላለሱት ውሃ ነው፤ እንዴት ብዬ ድፉት እላለሁ?

ሸበቶዋ እናት ግን የሚተረጉምላት አልጠበቀችም። መኪናው ላይ ወጣች። ክዳኑን ከፈተች፣ ትከሻዋን ሮቶው ላይ አሳረፈችና ሌሎቹን ጠራች። ውሃው በአንድ ጊዜ ተደፋ፤ እግራችንን እያጠበ በግቢው ወደ ወንዙ ወረደ። ባዶውን ሮቶ አንከባለው ጣሉት። ስትወርድ አንድ ቃል ተናገረች። ባልደረባዬ ሞተር እያስነሳ ተረጎመልኝ፦ «ባሮ አልደረቀም፤ ትላለች።»

ፍራሽ አነጠፍን። ሲስተር ከኋላ ተንበርክካ የሴትዮዋን ሆድ በሁለት እጇ ትጫናለች፣ እኔ ግሉኮሱን ከፍ አድርጌ ይዣለሁ፣ ባሏ ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ አድርጓል። ሕፃኗ ጋቢና ውስጥ አያቷ እቅፍ ውስጥ ናት። መንገዱ መሐል ላይ ጎርፉ የቦረቦረው ረግረግ ነበር። ባልደረባዬ መኪናውን አቁሞ ወረደ። ጫማውን አወለቀና ጭቃውን በእግሩ እየረገጠ ሄደ፣ ተመለሰ።

«ምን ሆነ? ንዳ እንጂ!» ሲስተር ጮኸችበት።

«ከገባን አንወጣም። ሣሩን ይዤ እሄዳለሁ። አጥብቃችሁ ያዙ፤» አላት።

መኪናው ወደ ጎን አዘነበለ፣ ተንሸራተተ፣ ከዚያ ያዘ። ሴትዮዋ ዓይኗን ገርበብ አድርጋ እኔን ታየኝ ነበር። የምለው ቃል በቋንቋዋ አልነበረኝም፤ ሰላምታዋን ብቻ ነው የማውቀው። እሱኑ ደጋገምኩላት። ማሌ፣ ማሌ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ሳይ በሕይወት እንዳለች አውቃለሁ።

ሆስፒታል ስንገባ ፀሐይ አልጠለቀችም ነበር። ወደ ውስጥ ወሰዷት። ደም ሲጠየቅ ባሏና ባልደረባዬ ክንዳቸውን አቀረቡ። እኔ ውጭ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። ግሉኮስ የያዝኩበት ክንዴ አልታጠፍ ብሎኝ ነበር፤ ቀሚሴ ላይ ጭቃውና ደሙ አልለይ ብሏል። ሲስተር ወጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ቆመ፤» አለች።

ጀርባዋን አጥሩ ላይ ጥላ ተቀምጣ እንቅልፍ ወሰዳት።

እናቲቱ ሆስፒታሉ ውስጥ ብትሰነብትም ዳነች። ልጅቷም ደህና ናት። እኛ ወደ መንደሩ የተመለስነው መንገዱ ትንሽ ሲጠነክር ነው። ማሽኑ ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ፣ በምንጣፍ ተሸፍኖ ጠብቆናል። በርሜሎቹ ማንም ሳይጠይቅ ተሞልተው፣ ውሃቸው ረግቶ፣ አቧራ እንዳይገባ በቅጠል ተከድነው አገኘናቸው። የቀረውን ጭቃ ሰዎቹ በዶማ ፈልፍለው አውጥተውታል። ለእኛ የቀረው ወለሉና ግድግዳው ብቻ ነበር። ጎርፉ ግድግዳው ላይ ያሰመረው ቡናማ መስመር በማሽኑም አልለቀቀም፤ ሲስተር በበረኪና እያሸች ታገለችው፣ ትንሽ ፈዘዘ።

የውጩን ግድግዳ ስጀምር ሸበቶዋ እናት መጥታ እጇን ዘረጋች። ሽጉጡን ነው የፈለገችው። ሁለት እጇን እንዴት እንደምታሳርፍ፣ እግሯን እንዴት ከፈት አድርጋ እንደምትቆም አሳየኋት። ስትጫነው ወደ ኋላ ገፋትና ጮኸች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። ጥግ ጥጉን ሳትዘል አጠበች። ባልደረባዬ ሮቶው አጠገብ ቆሞ ውሃው የደረሰበትን በእጁ ያሳየኛል፤ እኔ ወደ ታች ሲጠጋ ቀስ በይ ብዬ በምልክት እነግራታለሁ። ጣቷን ለቀቅ አድርጋ ትጠብቃለች፣ ሴቶቹ ጀሪካን ሲያቀብሉ ደግሞ ትቀጥላለች። ግድግዳው አልቆ ወደ በረንዳው ዞረች፤ ሽጉጡን አምጪ ልላት አልደፈርኩም።